ፓምፑ ተቃጥሏል ወይስ ታፍኗል? ስለ ግቢ ኩሬ ፓምፕ አሠራር፣ እንክብካቤና ብልሽት

ግቢ ውስጥ ኩሬ መሥራት እየተለመደ ነው። ካፌዎች ይሠሩታል። የቢሾፍቱና የሐዋሳ ማረፊያዎችም ያለ ፏፏቴ የተከፈቱ አይመስላቸውም። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ፏፏቴ ካመጣ ወዲህ ደግሞ «እኔም ጋ ትንሽዬ ብትኖር» ማለት ተጀምሯል። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ላስቲክ ይነጠፋል፣ ድንጋይ ይደረደራል፣ ዓሣ ይገባል። ጥቂት ወራት ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ውሃው መፍሰስ ያቆማል።

ያን ጊዜ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፦ «ተቃጠለ»።

አብዛኛውን ጊዜ ግን አልተቃጠለም። ታፍኖ ነው። ቅጠል፣ ደለል፣ አልጌ ወይም ነጭ የኖራ ቅርፊት ይዞታል። አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት ቢጸዳ የሚነሳ ፓምፕ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። በተቃራኒው፣ በእውነት የተበላሸውንና አደገኛ የሆነውን ፓምፕ በናስትሮ ጠቅልሎ መልሶ ውሃ ውስጥ የሚከት ሰውም አለ። ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ብቻ ይፈልጋል።

ፓምፑ ውስጥ ምን አለ?

የኩሬ ፓምፕ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ነው። ሻጮች «ሰመርሲብል» የሚሉት ዓይነት ማለት ነው። ለግቢ የሚሆኑት ትንንሾቹ ውስጣቸው በጣም ቀላል ነው። ሁለት ዋና ክፍሎች አሏቸው።

አንደኛው ኮይሉ ነው፤ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ። ኤሌክትሪክ የሚገባው እዚህ ብቻ ነው። ኮይሉ ላይ ኢፖክሲ የሚባል ፈሳሽ ፈስሶበት እንደ ድንጋይ ደርቋል። ስለዚህ ውሃ አያገኘውም። ሁለተኛው ሮተሩ ነው። ሮተር ማለት ጣት የምታህል ማግኔት ናት። ጫፏ ላይ ውሃውን የሚገፉ ክንፎች አሉ። መሃሏን ቀጭን ዘንግ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ነው። ሮተሯ የምትዞረው ውሃው ውስጥ ነው።

ኮይሉና ሮተሩ አይነካኩም። ልጅ ሆነን ወረቀት ላይ ሚስማር አስቀምጠን፣ ከሥር በማግኔት እንነዳው አልነበር? ልክ እንደዚያ ነው። በመሃል ግድግዳ አለ፤ ጉልበቱ ግን ግድግዳውን አልፎ ይደርሳል። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኸርዝ የሚባለው ይህ ነው። ኮይሉም አብሮ የማግኔት አቅጣጫውን ይቀያይራል፣ ሮተሩ እሱን ተከትሎ ይዞራል። በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ።

እንግዲህ በጠቅላላው የሚንቀሳቀሰው ነገር ሮተሩ ብቻ ነው። ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ፣ ሌላ የሚያልቅ ነገርም ብዙ የለም። ግን ሮተሩ የተቀመጠበት ጉድጓድ ጠባብ ነው፤ በዙሪያው የሚተርፈው ክፍተት ትንሽ ነው። አንድ ጠጠር፣ አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ስስ የኖራ ሽፋን በቂ ነው፤ ቀጥ ይላል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ራሱ ነው። ሮተሩን የሚያለሰልሰውም ውሃው ነው፤ ዘይት የለውም፣ ግራሶ አይቀባም። ውሃ ካጣ ራሱን ያበስላል።

ትልልቆቹ ትንሽ ይለያሉ። አንዳንዶቹ ሞተራቸው በዘይት የተሞላ ነው፣ ውሃ የሚከለክል ጎሚኒም አላቸው። ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይቱ ይወጣል። ኩሬው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ የዘይት ገጽታ ካያችሁ ያ ነው። ዓሣ ካለ ፓምፑን በዚያው ሰዓት ማውጣት ነው።

ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ አያስፈራም?

ማስፈራትስ ያስፈራል። ጤነኛ ፓምፕ ችግር የለውም። ችግሩ ፓምፑ ጤነኛ መሆኑን ከላይ ሆኖ በዓይን ማወቅ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አለ፣ ድርድር የለውም፦ ሶኬቱ ሳይነቀል እጅ ውሃው ውስጥ አይገባም። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። መንቀል ነው።

ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ» ብሎ ይዘናጋል። ቤታችን ያለው ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከመጠን በላይ ሞቆ እሳት እንዳያስነሳ። የሶኬት መስመር ብሬከር ብዙ ጊዜ 16 አምፔር ነው። ሰውን ለመግደል ግን የ16 አምፔር አንድ መቶኛ እንኳን አይፈልግም። ስለዚህ ሰው እየተነዘረ ያ ብሬከር ዝም ብሎ ሊያይ ይችላል። ለኩሬ የሚያስፈልገው ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሾልኮ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲሄድ የሚያውቀው ዓይነት ነው። በ30 ሚሊ አምፔር፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ «30 ሚሊ አምፔር፣ ሰው እንዳይነዝር የሚቆርጠውን» ብትሉ ይገባቸዋል። ኩሬ ለመሥራት ድንጋይና ሲሚንቶ የገዛ ሰው ይህን ቢተው አይገባኝም። የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ከሆነ ደግሞ እሱንም አሠሩ።

ሶኬቱ ከኩሬው ራቅ ብሎ፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ሣር ላይ የተጣለ ዲቫይደር፣ በላስቲክ ከረጢት የተሸፈነም ቢሆን፣ አይሆንም። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይውጣ። እንደዚያ ከሆነ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ ጎንበስ ያለበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ኩሬውን ስትነኩ ትንሽ እንኳ «ዝር» ካላችሁ፣ ወይም ዓሣዎቹ ያለ ምክንያት ከተወራጩ፣ ከውሃው ራቁ። ከቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና ብሬከር አውርዱ። ፓምፑን ስለማውጣት የምታስቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው?

ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንደኛው በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ይናገራል። ሁለተኛው ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚያደርስ። ገዢውን የሚሸውደው ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ነው። «በሰዓት 1,500 ሊትር፣ 2 ሜትር» የሚል ፓምፕ 1,500 ሊትሩን ወደ ሁለት ሜትር አይወስድም። 1,500 ሊትር የሚሰጠው ምንም ከፍታ ሳይኖር ነው። ሁለት ሜትር ሲደርስ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ ይቀራል። በመሃሉ፣ አንድ ሜትር ላይ፣ ከግማሽ ብዙም የማይርቅ ታገኛላችሁ።

ከፍታው የሚለካው ከውሃው ገጽ ነው። ፓምፑ ግማሽ ሜትር ጠለቀ፣ አንድ ሜትር ጠለቀ፣ ለውጥ የለውም። ከውሃው ገጽ እስከ ፏፏቴው አፍ ያለውን ለኩ።

የኩሬያችሁን መጠን ማወቅም ቀላል ነው። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 3 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ 3,000 ሊትር ማለት ነው። ዓሣ ያለበት ኩሬ ውሃው በሙሉ ቢያንስ በሁለት ሰዓት አንዴ ቢዞር ጥሩ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በሰዓት 1,500 ሊትር ነው፣ ያውም ፏፏቴው ከፍታ ላይ ከደረሰ በኋላ። ካርቶኑ ላይ 2,500 ወይም 3,000 የሚል ብትገዙ ነው የሚያዋጣው።

ጎማውን አትርሱ። የፓምፑ አፍ አንድ ኢንች ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ የተገኘ የግማሽ ኢንች ጎማ በመቀነሻ ይገጠምለታል። ያንኑ ያህል ውሃ በግማሽ ስፋት ለማሳለፍ ጎማው የሚፈጥረው መቋቋም ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከዚያ «ፓምፑ ደካማ ነው» ይባላል። ፓምፑ ምን በደለ?

ከውጭ በሻንጣ የመጣ ፓምፕ ይሠራል?

ከየት እንደመጣ ይወሰናል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ፓምፕ የ120 ቮልት ነው። የኛ ሶኬት 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ያን ጊዜ በእርግጥ ተቃጠለ ማለት ይቻላል። ትራንስፎርመር ቢገዛለትስ? ቮልቱ ይስተካከላል፤ ኸርዙ ግን አይስተካከልም። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው። በደቂቃ 3,600 ዙር እንዲዞር የተሠራው ሮተር እዚህ 3,000 ይዞራል። የሚሰጠው ውሃ በስድስት አንድ ያህል ይቀንሳል፣ የሚደርስበት ከፍታ ደግሞ በሠላሳ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኮይሉም ከተለመደው በላይ ይሞቃል።

ሳዑዲ አረቢያም 60 ኸርዝ ነው። ቮልቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ሰው አይጠረጥርም። ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የመጣ ግን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ የሶኬቱ ጥርስ ከገጠመ ሌላ ጣጣ የለውም። የሚነበበው ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ «220–240፣ 50» ካለ ግዙት፣ አስመጡት። የተጻፈው 60 ብቻ ከሆነ ተዉት።

የት ላስቀምጠው?

ኩሬው ወለል ላይ አታስቀምጡት። ደለሉ፣ የበሰበሰው ቅጠልና የዓሣው ኩስ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጡብ ከሥሩ አድርጉለት። ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል በቂ ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ሌሊት ጎማው ቢፈነዳ ወይም ከፏፏቴው ቢወልቅ ፓምፑ ውሃውን ሁሉ ወደ ጓሮ ይደፋዋል። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግን ከሥሩ ያለው ውሃ ለዓሣው ይተርፋል።

ውሃው ከሚወርድበት ትይዩ፣ ሩቁ ጫፍ ላይ አስቀምጡት። ፏፏቴው ሥር ከሆነ ያንኑ ውሃ መልሶ ይስባል፤ ሌላው የኩሬ ክፍል ሳይንቀሳቀስ ይከርማል። በዙሪያው ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ቢደፋበት ቅጠሉ ቅርጫቱ ላይ ይቀራል። ግራቪሊያ ዛፍ ያለበት ግቢ ከሆነ ቅርጫት ግድ ነው። የግራቪሊያ ቅጠል ቀጭን ስለሆነ በፓምፑ የራሱ ወንፊት ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ቡገንቪሊያም አበባዋ ሲረግፍ ቀላል አይደለችም።

ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ፓምፑን በኤሌክትሪክ ገመዱ አንጠልጥላችሁ አታውጡ። ገመዱ ፓምፑ ውስጥ የገባበት ቦታ ከተላቀቀ ውሃ የሚያገኘው የመጀመሪያ መንገድ እሱ ነው። እጀታው ላይ የናይሎን ገመድ እሰሩለት፣ በዚያ ሳቡት።

በየስንት ጊዜ፣ እንዴት ይጸዳል?

ቁርጥ ያለ ቀን የለውም። ወንፊቱን በየሁለት ሳምንቱ ማየት፣ ሮተሩን በሦስት ወር አንዴ አውጥቶ ማጠብ ለብዙ ግቢ ይበቃል። ክረምት ላይ ጎርፍ አፈር ይዞ ስለሚገባ መቀራረብ አለበት። መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ እንዳለፈ፣ ሙሉ ጽዳት ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው።

ከቀን ይልቅ መለኪያ ይሻላል። ፓምፑ አዲስ እያለ የ20 ሊትር ጀሪካን ፏፏቴው አፍ ላይ ያዙና በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። 72,000ን በሰከንዱ ስታካፍሉ በሰዓት የሚሰጠውን ሊትር ታገኛላችሁ። ጀሪካኑ በ40 ሰከንድ ከሞላ 1,800 ሊትር ነው። ቁጥሩን የሆነ ቦታ ጻፉት። ከወራት በኋላ ያው ጀሪካን 60 ሰከንድ ከፈጀ ፓምፑ እየታፈነ ነው፤ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ፓምፑን አውጡ። ወንፊቱንና ስፖንጁን አውልቁ። ከወንፊቱ ኋላ የሮተሩ ክዳን አለ፤ በአንዳንዱ ሩብ ዙር ሲጠመዘዝ ይወጣል፣ በአንዳንዱ ትንንሽ ብሎኖች ስላሉት ካቻቢቴ ይፈልጋል። ክዳኑ ሲነሳ ሮተሩን በክንፎቹ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ማግኔቱ መልሶ ስለሚስበው ትንሽ ይታገላል፤ አትደንግጡ። በፒንሳ ግን አትጎትቱት። ሴራሚኩ ዘንግ ጠንካራ ቢመስልም እንደ ሲኒ ነው የሚሰበረው። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። እነሱን ቁጠሩና አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ ከውሃው ጋር አብረው ይደፉና ፓምፑ ሲገጠም መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ሮተሩንና የተቀመጠበትን ጉድጓድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹ። ጥቁር የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ ታገኙ ይሆናል፤ በጨርቅ ጥረጉት። ሽቦ፣ አሸዋ ወረቀት፣ ቢላ አይነካውም።

ነጭና ጠንካራ ቅርፊት ከሆነ ብሩሹ አይበቃውም። ይህ ኖራ ነው። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን በብዛት ታያላችሁ፤ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ ከግድብ ውሃ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። ቤት ውስጥ ውሃ ማፍያችሁ ነጭ የሚጋግር ከሆነ ፓምፑም ላይ ያው ነው። መድኃኒቱ አቼቶ ነው። እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ቀላቅሉና ክፍሎቹን ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉ። የሎሚ ጭማቂም ይሠራል። ከዚያ በደንብ አለቅልቁ። በረኪና ግን ከአቼቶ ጋር በጭራሽ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ዓሣ ካላችሁ ሳሙናም ሆነ በረኪና ፓምፑ አጠገብ አይድረስ።

ስፖንጁ የሚታጠበው በኩሬው ውሃ ነው፤ በባልዲ ቀድታችሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ስፖንጁ ላይ የሚኖሩት ጥቃቅን ባክቴሪያዎች የዓሣውን ሽንት ወደማይጎዳ ነገር የሚቀይሩ ናቸው። ክሎሪኑ እነሱን ይፈጃል። «በጣም ጥርት አድርጌ አጠብኩት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ዓሣው አለቀ» የሚለው ምሬት መነሻው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ቆሟል። ከየት ልጀምር?

ከሶኬቱ። አይሳቁ፤ ብዙ «ብልሽት» እዚያው ያልቃል። ሌላ ነገር፣ የስልክ ቻርጀር ይሁን መብራት፣ እዚያው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሶኬቱ የሚሠራ ከሆነ ፓምፑን አዳምጡ።

«እምም» እያለ ውሃ ካልሰጠ ደስ ይበላችሁ። ኮይሉ ሕያው ነው ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ ሮተሩ ግን መዞር አቅቶታል። ቶሎ ንቀሉት፤ እንዲህ ሆኖ ከቆየ ኮይሉ ይሞቃል። ሮተሩን አውጥታችሁ አጽዱ። በጣት ስታዞሩት ሳይጎረብጥ የሚዞር ከሆነ መልሱት። ማግኔቱ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ጉድጓዱን እየነካ ነው፤ ሮተሩ መቀየር አለበት። መብራቱ ራሱ ደካማ ሲሆንም ይህ ይከሰታል። አምፖሉ እየደበዘዘ ከሆነ ፓምፑን አትክሰሱት፤ ኃይሉ እስኪመለስ ነቅላችሁ ጠብቁ።

ይዞራል ግን ውሃው አይወጣም? አየር ታፍኖበት ይሆናል፤ ከጽዳት በኋላ ይበዛል። ነቅላችሁ፣ ፓምፑን ውሃ ውስጥ እንዳለ ወዲያና ወዲህ ጎንበስ ቀና አድርጉት። ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩ ይወጣል።

ውሃው እየደከመ መጥቶ ከሆነ ደግሞ በቅደም ተከተል እዩ። ወንፊቱ ንጹሕ ነው? ጎማው ታጥፏል? ድንጋይ ተጭኖታል? ጎማውን ከፓምፑ ነጥላችሁ ፓምፑን ብቻውን ሞክሩት። ብቻውን በደንብ ከተረጨ ችግሩ ጎማው ውስጥ ነው። አልጌ ጎማ ውስጥም ይበቅላል፤ በተለይ ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ጎማ። ጥቁር ጎማ የሚመከረው ለዚህ ነው። ብቻውንም ከደከመ ክንፎቹን እዩ፤ ተሰብረው ወይም ከማግኔቱ ጋር የሚያያዙበት ቦታ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ይሠራል፣ ይቆማል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ይህ ሰውን በጣም ያደናግራል። ብዙ ፓምፖች ውስጣቸው ሲሞቅ የሚያጠፋ፣ ሲበርድ የሚመልስ መከላከያ አለ። ስለዚህ ፓምፑ እየነገራችሁ ያለው «ሞቆኛል» ነው። ወይ ታፍኗል፣ ወይ ውሃው ጎድሎ ግማሽ አካሉ ውጭ ቀርቷል። በበጋ ፀሐይ ኩሬው በትነት ይጎድላል። ግን በጥቂት ቀን ብዙ ከጎደለ ትነት ብቻ አይደለም። ፓምፑን አንድ ሌሊት አጥፉትና ውሃው ላይ ምልክት አድርጉ። ጠፍቶ ካልጎደለ፣ በርቶ ሲሆን ብቻ የሚጎድል ከሆነ፣ ውሃው የሚሾልከው ከፏፏቴው ድንጋይ ወይም ከጎማው መገጣጠሚያ ነው። ላስቲኩን ለመቅደድ አትቸኩሉ።

ድምፅን በተመለከተ፣ ሲነሳ ትንሽ «ከከከ» ቢል ችግር የለውም። እነዚህ ትንንሽ ሮተሮች አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሊነሱ ይችላሉ፤ ክንፎቻቸው ቀጥ ያሉትም በሁለቱም በኩል እንዲሠሩ ነው። የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ከሆነ ግን ጠጠር ገብቷል፣ የጎማ ቀለበቱ ጠፍቷል ወይም ዘንጉ ተሰብሯል።

ምንም ድምፅ ከሌለውና ሶኬቱ ደህና ከሆነ ገመዱን ከጫፍ ጫፍ በዓይናችሁ ተከተሉ። አይጥ ቆርጥሞት፣ ዶማ ነክቶት ይሆናል። ገመዱ ደህና ሆኖ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቀዝቅዞም ካልተነሳ፣ አሁን ተቃጥሏል ማለት ይቻላል። ዲናሞ ጠምጣሚ ጋ አትውሰዱት። ኮይሉ ኢፖክሲ ውስጥ ተቀብሯል፤ ሳይሰበር አይወጣም።

ሲሰካ ብሬከር የሚጥል ከሆነ፣ ሲነቀል ደግሞ ብሬከሩ ደህና ከሆነ፣ ክርክሩ አልቋል። ውሃ ኮይሉ ጋ ደርሷል። ማድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ በናስትሮ መጠቅለል የለም። ናስትሮ ውሃ ውስጥ ሥራው አይደለም። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው ገመዱን ቆርጣችሁ ጣሉት።

ማታ ማጥፋት የመብራት ሂሳብ አይቆጥብም?

40 ዋት የሆነ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ወደ ቀጣዩ እርከን ሊገፋችሁ ይችላል። ዓሣ ከሌለ ማታ ማጥፋት ምንም አይደለም፤ ቆጥቡ።

ዓሣ ካለ ግን ማታ ማጥፋት ያለጊዜው ማጥፋት ነው። ቀን ላይ በውሃው ውስጥ ያሉ ተክሎችና አልጌዎች ኦክስጅን ይሰጣሉ። ሲመሽ እነሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ፣ ኦክስጅኑን ይሻማሉ። ሊነጋ ሲል ያለው ሰዓት ከሁሉም የከፋው ነው። ከዚህ ላይ የከፍታችን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ባሕር ጠለል ላይ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ከ7 በታች ነው። የውጭ አገር መመሪያ «ማታ ሊጠፋ ይችላል» ቢል ለእኛ ዓሣ አልተጻፈም። ውሃው ሞቅ ባለ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉት። ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል እንደ ፍሪጁ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ ስኩ። ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቆየና ማጣሪያ ሣጥን ካላችሁ፣ ሣጥኑ ውስጥ የተኛውን ውሃ መጀመሪያ ድፉት። ኦክስጅን አጥቶ ሸትቷል፤ ወደ ኩሬው ቢመለስ ዓሣውን ይጎዳል። በመብራት ማጣቱ ጊዜ በባልዲ ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ መድፋት ኦክስጅን ያስገባል። ልጆች ይህን ሥራ አይጠሉትም። የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት ደግሞ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት።

ፓምፑ ተበላሽቶ ቢቀርስ?

ዓሣ የሌለበት ኩሬ ፓምፑ ቆሞ ከቀረ የትንኝ ቤት ይሆናል። በሞቃት አካባቢ ከዕንቁላል እስከሚበር ትንኝ አንድ ሳምንት፣ አሥር ቀን ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ይህ እንቅልፍ መንሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ላይ ግን ወባ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ከውጭ የገባ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሐር ውስጥ ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት እሱ ነበር። ከረግረግ ይልቅ ሰው የሠራውን የውሃ ማጠራቀሚያ ይወዳል፤ በርሜል፣ ጋን፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ ኩሬ። ስለዚህ ቆላ ላይ ፓምፑ ሳይሠራ የሚቆይ ከሆነ ኩሬውን ማፍሰስ ነው።

አዲስ ስገዛ ምን ልጠይቅ?

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ሮተሩ ለብቻው ይገኛል?» በሉ። የሚያልቀው እሱ ስለሆነ፣ ለብቻው የማይሸጥለት ርካሽ ፓምፕ ውሎ አድሮ ውድ ነው። የገመዱን ርዝመት እዩ። 10 ሜትር ካለው፣ ውሃ አጠገብ ገመድ መቀጠል አያስፈልግም፤ የአንድ ሜትር ተኩል ገመድ ያለው ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ የዓሣ መስታወት (አኳሪየም) የተሠራ ነው። ክዳኑን ራሳችሁ ከፍታችሁ ሮተሩን አውጥታችሁ መልሱ። ሱቅ ውስጥ ካልተከፈተላችሁ፣ ኩሬ ዳር ጭቃ በጭቃ ሆናችሁ አይከፈትላችሁም። ባለሱቁ «ይኸው ይሠራል» ብሎ ደረቁን ሊሰካላችሁ ከተነሳ እምቢ በሉት። በሳፋ ውሃ ያምጣ።